ህብለ ሰረሰርም ይማራል፦ ለቀድሞ ተማሪዎቼ የቀረበ እርማት

 

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና የያዘ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ የቸኮለ ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻዬ ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ የድምፅ መልእክት ነው። የላከችልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን በአንድ ዓረብ አገር በነርስነት ትሠራለች። በፈቃዷ ነው የምጽፈው፤ ስሟን ግን አልጠቅስም። ታናሽ ወንድሟ የዛሬ ሁለት ዓመት ግንባታ ላይ ሲሠራ ከእንጨት መወጣጫ ወድቆ ጀርባውን ተጎዳ። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተረፈች፤ ከብዙ ወራት በኋላም በክራንች መራመድ ጀመረ። ግን ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። መሬት ሲረግጥ ባቱ ድርቅ ይላል፣ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ አንዳንዴም እግሩ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጣል።

እህት ናትና እንቅልፍ የላትም። ኢንተርኔት ላይ አንድ ማስታወቂያ አየች፤ "የሞተ ነርቭ ይቀሰቅሳል" የሚባልለት የኤሌክትሪክ ቀበቶ። ዋጋው የአራት ወር ደሞዟ ነው። "ቲቸር፣ ልግዛለት ወይስ ልተወው? ስለ ነርቭ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው" አለችኝ።

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ናት ያስደነገጠችኝ። ለምን መሰላችሁ? ይቺ ልጅ ክፍል ውስጥ በነበረችበት ዓመት እኔ ስለዚሁ ጉዳይ ያስተማርኩት ነገር ስህተት ነበር። ለእሷ ብቻም አይደለም፤ ፊዚዮሎጂ ላስተማርኳችሁ ሁሉ ነው። ሰሌዳው ላይ ህብለ ሰረሰርን አንድ ክብ አድርጌ እሥልና፣ ከጡንቻ የሚመጣ አንድ መስመር፣ ወደ ጡንቻ የሚሄድ አንድ መስመር አገናኝቼ፣ "አንጎል ይማራል፣ ህብለ ሰረሰር ግን ሽቦ ነው፤ ሪፍሌክስ አይማርም" እላችሁ ነበር። ፈተና ላይም አምጥቼዋለሁ። "ይማራል" ብሎ የመለሰ ተማሪ ኖሮ ከሆነ ማርኩን ቀንሼበታለሁ ማለት ነው። ይቅርታ።

ስለዚህ ለእሷ የመለስኩላትን ለሁላችሁም ልንገራችሁ። መልሱ ግን በአንድ ቃል አይመለስም፤ ታሪክ አለው።

መጀመሪያ አንድ የቆየ ጥያቄ ላንሳ። ጭንቅላቱ የተቆረጠ እንቁራሪት እግሩን ሲነኩት ለምን ይሰበስባል? በ1750ዎቹ ገደማ የኤዲንብራው ሐኪም ሮበርት ዊት ይህንኑ መርምሮ፣ እንቁራሪቱ ጭንቅላት ባይኖረውም ህብለ ሰረሰሩ እስካለ ድረስ እንደሚንቀሳቀስ፣ ህብለ ሰረሰሩ ከጠፋ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ እንደሚል አሳየ። በ1833 ደግሞ እንግሊዛዊው ማርሻል ሆል ነገሩን ለሮያል ሶሳይቲ አቅርቦ "ሪፍሌክስ" የሚለውን ሐሳብ በሕክምና ቋንቋ ውስጥ ተከለው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ስሜት ይገባል፣ እንቅስቃሴ ይወጣል፣ መሃል ላይ ሐሳብ የለም፣ ፈቃድ የለም።

ሁሉም ግን አልተስማማም። በ1853 ጀርመናዊው ኤድዋርድ ፍሉገር አንድ የሚገርም ሙከራ አቀረበ። ጭንቅላት የሌለው እንቁራሪት ቆዳ ላይ አሲድ ጠብ ሲደረግ፣ እንስሳው በዚያው በኩል ባለው እግሩ ይጠርገዋል። ያ እግር ከተቆረጠበትስ? ትንሽ ይሞክርና በሌላኛው እግር ይጠርገዋል! ፍሉገር "ህብለ ሰረሰር ውስጥ አንድ ዓይነት ማስተዋል አለ" አለ። ፈላስፋው ሎጼ ደግሞ "የለም፣ ይህ ሁሉ ማሽን ነው" ብሎ ተከራከረው። ክርክሩን ያሸነፈው ማሽኑ ነው። ከዚያ በኋላ ህብለ ሰረሰር ያስተውላል ማለት የሚያስቅ ነገር ሆነ።

በ1875 ዛሬ ሐኪም ቤት የምናውቀው ነገር መጣ፤ ጉልበትን በትንሽ መዶሻ መምታት። ኤርብ እና ቬስትፋል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ በአንድ መጽሔት በአንድ እትም ላይ ስለዚሁ ጻፉ። ነርሶቼ ታውቁታላችሁ፤ መዶሻው ጅማቱን ሲመታው ጡንቻው በቅጽበት ይለጠጣል፣ ጡንቻው ውስጥ ያሉ መለጠጥን የሚለኩ ጥቃቅን ዳሳሾች ወደ ህብለ ሰረሰር መልእክት ይልካሉ፣ እዚያ መልእክቱ አንዲት መገናኛ ብቻ ተሻግሮ ወደ ጡንቻው ይመለሳል፣ እግር ብድግ። በሰውነታችን ውስጥ ከዚህ ያጠረ የነርቭ ዙር የለም።

ከዚያ ታላቁ ቻርልስ ሼሪንግተን መጣ። "ሲናፕስ" የሚለውን ቃል በ1897 የሰጠን እሱ ነው። የ1906 መጽሐፉ የነርቭ ሳይንስ መሠረት ሆነ፣ በ1932 ከኤድጋር ኤድሪያን ጋር ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሼሪንግተን ሪፍሌክስን አንድ በአንድ ለይቶ፣ ለክቶ፣ ስም ሰጥቶ አስቀመጠልን። እዚህ ላይ አንድ የምንረሳው ነገር አለ። ሼሪንግተን ራሱ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከሌላው የነርቭ ሥራ ተነጥሎ ብቻውን የሚቆም ተራ ሪፍሌክስ ለማሰቢያ እንዲመቸን የፈጠርነው ነገር እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። እኛ አስተማሪዎች ሥዕሉን ወሰድን፣ ማስጠንቀቂያውን ተውን።

ከሼሪንግተን ዘመን አንድ ሌላ ሰው ልጨምርና ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1910 ፖል ሆፍማን የተባለ ጀርመናዊ ፊዚዮሎጂስት መዶሻውን አስቀመጠና በምትኩ ኤሌክትሪክ አነሳ። ከጉልበት ጀርባ፣ እጥፋቱ ጋ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ወደ ባት የሚሄድ። ሆፍማን እዚያ ላይ ቀለል ያለ የኤሌክትሪክ ምት ሲሰጥ የባት ጡንቻ ጥቂት ዘግይቶ እንደሚመልስ አየ። ለምን ዘገየ? ምቱ ቀጥታ ወደ ጡንቻው አልሄደማ። ከጡንቻ ዳሳሾች የሚመጡት ክሮች ወፋፍራም ስለሆኑ ለደካማ ኤሌክትሪክ ቀድመው ይነቃሉ። መልእክቱ በነሱ በኩል ሽቅብ ወደ ህብለ ሰረሰር ወጥቶ፣ አንዲቷን መገናኛ ተሻግሮ፣ ቁልቁል ወደ ባት ይመለሳል። ደርሶ መልሱ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ ከዚያ ይረዝማል። በ1950 ማግላደሪ እና ማክዱጋል የተባሉ ተመራማሪዎች በሆፍማን ስም የመጀመሪያ ፊደል "ኤች ሪፍሌክስ" አሉት፤ ስሙም እስከ ዛሬ ጸና።

ይህችን 30 ሚሊሰከንድ ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች። አንጎል የመጣውን ነገር አውቆ፣ ወስኖ፣ ትእዛዝ ለመላክ ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ማንም ሰው "አሁን ኤች ሪፍሌክሴን ላሳንሰው" ብሎ እዚያው ቅጽበት ላይ ሊያሳንሰው አይችልም። ሐሳቡ ሳይደርስ ነገሩ አልቋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ "ሽቦ ነው" የሚለውን እምነት የሚያናጉ ሰዎች አልጠፉም። በ1929 ዲ ጆርጆ የተባለች ጣሊያናዊት ተመራማሪ፣ የኋላ አንጎላቸው በአንድ በኩል የተጎዳባቸውን እንስሳት አጠናች። ጉዳቱ የእግራቸውን አቋም ያዛባዋል፤ አንዱ እግር ይታጠፋል፣ ሌላው ይዘረጋል። ታዲያ አንጎልን ከህብለ ሰረሰር ስትለየው መዛባቱ መጥፋት አልነበረበትም? ነገሩ ለተወሰነ ጊዜ ከቆየ በኋላ ከሆነ ግን አልጠፋም። የአንጎሉ ተጽዕኖ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ አሻራ ጥሎ ነበር። በ1940 ደግሞ ሹራገር እና ከለር የተባሉ አሜሪካውያን፣ ህብለ ሰረሰሩ ከአንጎል የተቆረጠ ውሻ እንደ ፓቭሎቭ ውሾች ይማራል ብለው ጻፉ። ብዙዎች አልተቀበሏቸውም። ጭቅጭቁ ለዓመታት ዘለቀ።

አሁን ወደ ኦልባኒ እንሂድ። ኦልባኒ የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ከተማ ናት። እዚያ የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ዋድስዎርዝ ማዕከል የሚባል የምርምር ተቋም አለው። ጆናታን ዎልፓው የተባለ የነርቭ ሐኪም እዚያ ሆኖ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፤ አንድ እንስሳ ሪፍሌክሱን እንዲያሳድግ ወይም እንዲያሳንስ በሽልማት ማስተማር ይቻላል?

ሙከራው እንዲህ ነው። ዝንጀሮው ክርኑን በአንድ አቅጣጫ አጥፎ ጸጥ ብሎ እንዲይዝ ይማራል። በድንገት ሞተር ክንዱን ይገፋዋል፤ የክንዱ ጡንቻ ይለጠጣል፣ ሪፍሌክሱም ይመልሳል። ማሽኑ የሚለካው የመልሱን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ነው፤ አንጎል ሊደርስበት የማይችለውን። ለአንዳንዶቹ ዝንጀሮዎች መልሱ ከተለመደው ሲበልጥ ሽልማት ይሰጣቸዋል፣ ለሌሎቹ ሲያንስ። ዝንጀሮው ምን እንደተፈለገበት ማንም አልነገረውም። የሚያውቀው ነገር ቢኖር አንዳንዴ ጭማቂ እንደሚያገኝ፣ አንዳንዴ እንደማያገኝ ነው።

በ1983 ዎልፓውና ባልደረቦቹ ውጤቱን አሳተሙ። እንዲያድግ የተሸለመው ሪፍሌክስ አደገ፤ እንዲያንስ የተሸለመው አነሰ። ግን በአንድ ቀን አይደለም፣ በሳምንታት። በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች እየተደራረቡ ነው የመጣው። ቀጥሎ በ1987 በኤች ሪፍሌክስም ያው እንደሚሆን ታየ፤ ይህ ደግሞ ጡንቻውን በመግፋት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ምት ነው።

ተጠራጣሪ ግን ይጠይቃል፤ "ይህ አንጎል ከላይ የሚያደርገው ነገር ነው እንጂ ህብለ ሰረሰሩ ምን ተማረ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። በ1989 ዎልፓውና ሊ መልሱን አመጡ። በአንድ እግራቸው ብቻ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎችን ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተው፣ አንጎልን ከታችኛው ህብለ ሰረሰር የሚያገናኘውን መንገድ ቆረጡ። ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ከእንግዲህ የለም። የሠለጠነው እግር ሪፍሌክስ ግን ካልሠለጠነው እግር ሪፍሌክስ እንደተለየ ቀረ። ትምህርቱ እዚያው ታች ተጽፎ ነበር ማለት ነው። እንስሳቱ ለዚህ እውቀት ሕይወታቸውን እንደከፈሉም መርሳት የለብንም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት ጡንቻን የሚያዘው የነርቭ ህዋስ ራሱ ይለወጣል፤ ለምሳሌ እንዲያንስ በሠለጠነው ላይ ህዋሱ ለመተኮስ የሚያስፈልገው ግፊት ከፍ ይላል። በእሱ ላይ የሚያርፉት መገናኛዎችም ይለወጣሉ። ይህን የሚያደርገው ግን ማን ነው? እዚህ ላይ 30 ሚሊሰከንዷን አስታውሱ። አንጎል በቅጽበቱ መድረስ ስለማይችል፣ ምቱ ከመምጣቱ በፊት ህብለ ሰረሰሩን ያዘጋጀዋል። ከአንጎል ወደ ታች በሚወርደው ዋናው የእንቅስቃሴ መንገድ በኩል፣ ቀን በቀን፣ አንድ ዓይነት ጫና ያሳድርበታል። በአይጦች በተደረጉ ሙከራዎች ይህ መንገድ ከተቆረጠ አይጡ አይማርም፤ ሌሎቹ ዋና ዋና መንገዶች ቢቆረጡ ግን ይማራል።

እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም የሚመጣብኝ የቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ "ሀ" ሲሉ ሕፃኑ "ሀ" ይላል። መጀመሪያ ላይ ሕፃኑ የኔታ ሲኖሩ ብቻ ነው የሚለው። ዓመት ቆይቶ ግን የኔታ ቢሄዱም ፊደሉ ከአፉ አይወጣም፤ ገብቷል። አንጎል የኔታ ነው፤ ህብለ ሰረሰር ሕፃኑ። ሕፃኑ ሽቦ አልነበረም።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እየተጠጋን ነው።

ህብለ ሰረሰሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ የተጎዳ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛው ድካም ነው፤ ትእዛዝ ከላይ በደንብ አይደርስም። ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከላይ ይገራው የነበረው እጅ ስለላላ ሪፍሌክሱ ልቅ ይሆናል። ባት ትንሽ ሲለጠጥ ከልክ በላይ ይመልሳል፤ ድርቅ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ተረከዝን ሽቅብ ይጎትታል። የወንድምዬው እግር ማለት ነው። ዎልፓውና ባልደረቦቹ እንዲህ አሉ፤ ሪፍሌክስ የሚማር ከሆነ፣ ያበላሸውን አካሄድ እንዲያርም ለምን አናስተምረውም?

በ2006 በአይጦች ሞከሩት። አይጦቹ በአንድ በኩል ህብለ ሰረሰራቸው ስለተጎዳ ያነክሱ ነበር፤ እርምጃቸው የተስተካከለ አልነበረም። በእነሱ ላይ ችግሩ የባት ጡንቻው መድከም ስለነበር ሪፍሌክሱ እንዲያድግ አሠለጠኗቸው። እርምጃቸው ተስተካከለ። አይጦቹ የሠለጠኑት ስለ መራመድ አልነበረም፤ ስለ አንዲት ሪፍሌክስ ነበር። ያቺ ስትስተካከል መራመዱም አብሮ ተስተካከለ።

ከዚያ ወደ ሰው መጡ። አይኮ ቶምሰን የተባለች ተመራማሪ ከዎልፓው እና ከቼን ጋር በ2009 ጤነኛ ሰዎች ኤች ሪፍሌክሳቸውን መለወጥ እንደሚችሉ አሳየች። በ2013 ደግሞ ህብለ ሰረሰራቸው በከፊል የተጎዳ፣ ግን ቆመው መራመድ የሚችሉ 13 ሰዎችን ይዛ ጥናቱን አሳተመች። ዘጠኙ ሠለጠኑ። አራቱ ያንኑ የኤሌክትሪክ ምት እየተቀበሉ፣ ግን ውጤታቸውን ሳያዩ ለማወዳደሪያ ተሳተፉ።

ሥልጠናው እንዴት ነው? ሰውየው ይቆማል። ባቱ ላይ የጡንቻን እንቅስቃሴ የሚለኩ ኤሌክትሮዶች ተለጥፈዋል፤ ከጉልበቱ ጀርባ ደግሞ ምቱን የሚሰጠው። ፊቱ ስክሪን አለ። ጡንቻውን በተወሰነ መጠን ውጥር አድርጎ ይይዛል፤ ምቱ ይመጣል፣ ወዲያው ስክሪኑ ላይ የሪፍሌክሱ መጠን በቋሚ መስመር ይታያል። መስመሩ ከተወሰነው በታች ከሆነ አረንጓዴ፣ ከበለጠ ቀይ። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዴት እንደሚያሳንሰው ማንም አይነግረውም፤ ራሱ ይፈልገዋል። በአንድ ቀን በመቶዎች ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለአሥር ሳምንት፣ 30 ቀን ሥልጠና።

ከዘጠኙ ስድስቱ ሪፍሌክሳቸውን ማሳነስ ቻሉ። እነሱ ላይ እርምጃቸው ይበልጥ ተመጣጠነ፤ የአሥር ሜትር የመራመድ ፍጥነታቸውም በአማካይ 59 በመቶ ጨመረ። ይበልጥ የነካኝ ግን ይህ ነው፤ ሰዎቹ ማንም ሳይጠይቃቸው በቤታቸው፣ በመንገድ ላይ ሲራመዱ ለውጥ እንዳዩ ራሳቸው ተናገሩ።

አሁን ደግሞ አራቱን እናስብ። እነሱም ያው ምት ደረሳቸው፤ ያው ነርቭ፣ ያው ማሽን፣ ያው የቀን ብዛት። የጎደለባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ተሳካልህ" ወይም "አልተሳካም" የሚል መልስ። ሪፍሌክሳቸው አልተለወጠም፤ አካሄዳቸውም እንዲያ አልተሻሻለም።

ተማሪዬ ሆይ፣ የጥያቄሽ መልስ እዚህ ውስጥ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ኤሌክትሪኩ መድኃኒት አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። ምቱ በመጣ ቁጥር ህብለ ሰረሰሩን "አሁንስ? አሁንስ?" እያለ ይጠይቀዋል። የሚያስተምረው ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው እርማት ነው፤ የሚማረውም ሰውየው ነው። እርማት የሌለው ጥያቄ፣ ደብተር የማያርም አስተማሪ ማለት ነው፤ ቢጠይቅ ቢጠይቅ ማንም አይማርም።

ወገብ ላይ ታስሮ ቀኑን ሙሉ የሚንዘረዘር ቀበቶ ምን ይጠይቃል? ማንንስ ያርማል? እንዲህ ያለው ሸቀጥ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጋልቫኒ በ1791 የእንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ እንደሚንቀሳቀስ ከጻፈ በኋላ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ በኤሌክትሪክ ቀበቶና ሰንሰለት ሻጮች ተጥለቅልቀው ነበር። ከድካም እስከ ሽባነት ያላዳኑት በሽታ አልነበረም፤ በማስታወቂያ። የተጨነቀ ቤተሰብ ባለበት ሁሉ ሻጭ አይጠፋም።

ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ ኤሌክትሪክ ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። በ2011 በአሜሪካ ሉዊቪል፣ ሱዛን ሃርኬማ እና ሬጂ ኤጀርተን የነበሩበት ቡድን፣ ከደረቱ በታች ሽባ የነበረ ወጣት በህብለ ሰረሰሩ ሽፋን ላይ በቀዶ ሕክምና በተተከለ መሣሪያ እየታገዘ ቆሞ እንደነበር አሳተመ። በ2018 ደግሞ በስዊዘርላንድ ሎዛን፣ የግሬጎዋር ኩርቲን ቡድን ከዚህ የተራቀቀ ውጤት አሳየ። እነዚህ ትላልቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን እነሱም ቢሆኑ ከወራት ከባድ ልምምድ ጋር የተቀናጁ ነበሩ። መሣሪያውን ተክሎ ቤቱ ሄዶ የተኛ፣ ተነሥቶም የሄደ የለም።

ስለዚህ ለተማሪዬ እንዲህ አልኳት።

ቀበቶውን አትግዢ። ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ወንድምሽ እግሩና ወገቡ ላይ ስሜቱ የቀነሰበት ቦታ ካለ ኤሌክትሪክ ቆዳውን ሲያቃጥለው ላይሰማው ይችላል። ነርስ ነሽ፣ የቁስሉን መዘዝ ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛ፣ ወንድምሽ እየተራመደ ነው። ይህ ማለት ከአንጎሉ ወደ እግሩ የሚወርደው መንገድ ቢጎዳም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ማሠልጠን የሚያስችለው ይኸው የቀረው መንገድ ነው። ሁለት ዓመት ስላለፈው "አበቃ" የሚል ሰው ካለ አትስሚው፤ የዚያ ጥናት ተሳታፊዎችም ከተጎዱ የቆዩ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ የነገርኩሽ ሥልጠና ዛሬም ዋና ቦታው የምርምር ቤተ ሙከራ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ከዘጠኙም ሦስቱ አልተሳካላቸውም። ስለዚህ ነገ ያገኘዋል ብዬ ተስፋ አልሸጥልሽም። ግን ትምህርቱ ያለ ማሽኑም ይሠራል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይያዝ፤ ልምምዱ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም፣ በየቀኑ የሚሠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልክ ሲሆንና ሲሳሳት ወዲያው የሚታወቅበት ይሁን። መስታወት ፊት ይቁም። ተረከዙ መሬት ሲነካ የሚቆጥርለት ሰው ይኑር። እናትሽም ብትሆን መቁጠር ትችላለች።

አራተኛ፣ ድርቀቱ በድንገት ከባሰበት "ሪፍሌክሱ ነው" ብላችሁ አትለፉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የአልጋ ቁስል፣ የሆድ ድርቀት ሳይቀር ያብሱታል። ሐኪሙን ስለ ባክሎፈንና ስለ መሰል መድኃኒቶች ጠይቁት፤ በራሳችሁ ጊዜ ግን አትጀምሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ።

ዝም አለችና ቆይታ "ታዲያ ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ ሽቦ ነው ብለውን አልነበረም እንዴ?" አለችኝ። አዎ፣ ብያችሁ ነበር። ያን ዓመት እኔ ያንን ስላችሁ፣ ዎልፓው ዝንጀሮዎቹ ላይ ያገኘውን ካሳተመ ዓመታት አልፈውታል። እጄ ላይ የነበረው መጽሐፍ አሮጌ ነበር፤ አዲስ ፈልጌ አለማንበቤ ግን የመጽሐፉ ጥፋት አይደለም። ከእናንተ መካከል በዚያ ትምህርት ተመርታ "ከስድስት ወር በኋላ ለውጥ የለም፣ በቃ ተቀበሉት" ብላ ቤተሰብ ያሰናበተች ነርስ ካለች፣ ከፊሉ ጥፋት የኔ ነው። ሰውን ያለ ተስፋ ማሰናበትም በሐሰት ተስፋ ከመሸጥ የሚሻል አይደለም፤ ሁለቱም ልምምዱን ያስተዋል።

ማክሰኞ ዕለት ደውላ ነበር። ቀበቶውን አልገዛችም። በአራት ወሩ ደሞዝ ፋንታ የአንዱን ወር ለፊዚዮቴራፒ መመላለሻና ለቁመት መስታወት ልካለች። እናቲቱ መቁጠር ጀምረዋል። የመጀመሪያው ቀን ከሃምሳ እርምጃ ተረከዙ መሬት የነካው አራት ጊዜ ነው። አራት ጊዜ ብቻ ነው ብላ ልታለቅስ ነበር። እኔ ግን "አራት አረንጓዴ ነው፤ ጻፉት" አልኳት።

እንግዲህ የድሮ ደብተራችሁን ያልጣላችሁ ካላችሁ፣ የህብለ ሰረሰሩን ሥዕል ፈልጋችሁ ከሥሩ ያስጻፍኳችሁን "ሪፍሌክስ አይማርም" የሚለውን ሰርዙት። በምትኩ "ይማራል፤ ቀስ ብሎ፣ በብዙ ድግግሞሽ፣ የሚያርመው ካገኘ" ብላችሁ ጻፉ። ማርክ የቀነስኩበትም ካለ በኮሜንት ይንገረኝ፤ እመልስለታለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት የሆናችሁ ልጆቼ፣ እናንተ ከኔ ይልቅ ይህን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚሠራ፣ እናት ልትቆጥረው የምትችል ልምምድ ካላችሁ ከታች ጻፉልን። ብዙ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለ።

ሰላም ሁኑልኝ።